«ለምጄዋለሁ» ለሚል የአስም ታካሚ ሥዕል ምን ይፈይዳል?

አስምን የሚያስታግሰው ሳልቡታሞል ለታካሚዎች መሰጠት ከጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የመተንፈሻ ቧንቧን ብግነት የሚያበርደው፣ በአፍ የሚሳበው የስቴሮይድ መድኃኒትም ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐኪሞች እጅ አለ። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ሰፍረዋል። ይሁንና በድርጅቱ ግምት በ2019 እ.ኤ.አ. አስም ያለባቸው ሰዎች 262 ሚሊዮን ነበሩ፤ በዚያው ዓመት 455 ሺህ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ከሞቱት የሚበዙት እንደ እኛ አቅማቸው ዝቅተኛ በሆኑ አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ሰው ሊታከም በሚችል በሽታ የሚሞተው መድኃኒት ሲያጣ ነው ብንል እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይሆንም። መድኃኒት በሞላባቸው አገሮችም ያልተፈታ ሌላ ችግር አለ፦ ታካሚው በሽታው እንደጠናበት አያውቅም። በ1999 እ.ኤ.አ. በሰባት የምዕራብ አውሮፓ አገሮች በተካሄደ ትልቅ ጥናት፣ ከባድና የማያቋርጥ ምልክት ካለባቸው ታካሚዎች ግማሽ ያህሉ አስማቸው በቁጥጥር ሥር እንደሆነ ተናግረዋል። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም። ሌሊት ተነሥቶ መቀመጥን፣ ዳገት ጀምሮ መቆምን እንደ ተፈጥሯቸው ቆጥረውታል። በኒውዮርክ ከተማ የተሠራና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ከተጠየቁት ታካሚዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አስም አለብኝ ብለው የሚያስቡት ሕመሙ ሲነሣባቸው ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ አስተሳሰብ አደገኛ የሚሆነው በበሽታው ባሕርይ ምክንያት ነው። አስም በቧንቧዎቹ ግድግዳ ላይ የሚኖር ብግነት ነው። ሳሉና ሲርታው ጠፋ ማለት ብግነቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ በአመድ እንደተዳፈነ ረመጥ ሊቆይ ይችላል። ማስታገሻው ፓፍ የጠበበውን ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ ረመጡን አይነካውም። ረመጡን የሚያበርደው ሳያቋርጡ የሚወስዱት የስቴሮይድ ፓፍ ነው። ሲታመም ብቻ መድኃኒት የሚያነሣ ሰው ታዲያ ወዲያው እፎይ የሚያሰኘውን ማስታገሻ ይወድዳል፤ ምንም ሲያደርግለት የማይሰማውን መከላከያ ይተዋል። የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ተቋም ጂና፣ በ2019 እ.ኤ.አ. አዋቂዎችና ወጣቶች በሳልቡታሞል ብቻ መታከም የለባቸውም ብሎ የቆየውን አሠራር የለወጠው በማስታገሻ ብቻ መደገፍ የሚያስከትለውን አደጋ በማየት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ታካሚው የበሽታውን ትክክለኛ ሁኔታ በራሱ ዓይን እንዲያይ ምን ይደረግ? ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የአስም ሕክምና ከሰጣቸው መልሶች አንዱ ሥዕል ነው። ይህ መልስ እንደ ምዕራብ ጎንደሯ ሸሕዲ ላለ አካባቢ ከየትም ይልቅ ይስማማል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሚስማማና ምን ሲጓደል ከንቱ እንደሚሆን በዝርዝር እንመልከት።

ከነጥብ ወደ ሥዕል

የጂና መለኪያ አራት ጥያቄዎች አሉት። ባለፉት አራት ሳምንታት የቀን ምልክት በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ነበረብህ? በአስም ምክንያት ሌሊት ነቅተሃል? ማስታገሻ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ ወስደሃል? አስሙ ከሥራ ወይም ከእንቅስቃሴ አግዶሃል? አራቱንም «የለም» ያለ ሰው አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው። አንዱን ወይም ሁለቱን «አዎ» ካለ በከፊል ብቻ ነው፤ ሦስቱን ወይም አራቱን ካለ ከቁጥጥር ውጪ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሌላው መጠይቅ አምስት ጥያቄዎችና 25 ነጥብ አለው፤ 19 እና ከዚያ በታች ያመጣ ታካሚ አስሙ በደንብ አልተያዘም ማለት ነው።

ሁለቱም መለኪያዎች ጥሩ ናቸው፤ መጠይቁን ብቻውን እንዲሞላ ለሚሰጠው ታካሚ ግን ማንበብንና ነጥብ መደመርን ይጠይቃሉ። ይህን ችግር ከፈቱት መካከል የሕፃናት ሐኪሞች ይገኙበታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ከ4 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በተዘጋጀው መለኪያ ልጁ የሚመልሰው ካዘነ እስከ ሳቀ ካሉት አራት ፊቶች አንዱን በመጠቆም ነው። በሽታው ሲባባስ ምን መደረግ እንዳለበት የሚነግረው የትራፊክ መብራት ዕቅድም እንዲሁ በቀለም ይናገራል። አረንጓዴው የትንፋሽ ኃይል ታካሚው ከሚያስመዘግበው ምርጥ ውጤት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ቢጫው ከ50 እስከ 80፣ ቀዩ ከ50 በታች ነው። የትንፋሽ መለኪያው መሣሪያ በሌለበት ዕቅዱ በምልክቶች ብቻ ሊሠራ ይችላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ብልቃጥ መቁጠር ነው። አንድ የሳልቡታሞል ብልቃጥ ብዙ ጊዜ 200 ፓፍ ይይዛል። አስሙ በደንብ የተያዘ ሰው ማስታገሻ ቢያስፈልገው እንኳ በሳምንት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ፓፍ ብንል በዓመት 208 ፓፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ብልቃጥ ዓመት ገደማ ሊያደርሰው ይገባል። በጂና መመሪያ መሠረት በዓመት ሦስትና ከዚያ በላይ ብልቃጥ መጨረስ ከከባድ መባባስ አደጋ ጋር፣ 12 እና ከዚያ በላይ መጨረስ ደግሞ ከሞት አደጋ ጋር ይያያዛል። ይህ ሁሉ ማብራሪያ በአንድ ሥዕል ሊገባ ይችላል፦ 12 ባዶ ብልቃጦች ተሥለው ታካሚው በጨረሰ ቁጥር አንዱን ያጠቁራል። ሦስተኛው ሲጠቁር ማንም ሳይነግረው አደጋው ይታየዋል።

ሥዕል ይጠቅማል የሚለው ግምት ብቻ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመና በርካታ ጥናቶችን የመረመረ ጽሑፍ፣ ከአጭርና ቀላል ቃል ጋር የተጣመረ ሥዕል የታካሚን ትኩረትና ትውስታ እንደሚጨምር፣ በተለይ ማንበብ ለሚከብዳቸው ሰዎች ጥቅሙ ከፍ እንደሚል አስረድቷል።

ሸሕዲ ላይ ጥያቄው ለምን ይከብዳል?

ገንዳ ውኃ ተብላም የምትጠራው ሸሕዲ የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከጎንደር ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳኗ ገላባት የሚወርደው መንገድ ያቋርጣታል። በዙሪያዋ ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይመረታል፤ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ደግሞ በመተማ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተሻግሯል። አማርኛ፣ የሱዳን ዓረብኛና ጉሙዝኛ የሚናገሩ ሰዎች በአንድ ተራ ሊቀመጡ የሚችሉበት አካባቢ ነው።

ለአስም ታካሚ የቆላው ኑሮ ቀላል አይደለም። የደረቀው ሰሊጥ ሲራገፍ ብናኝ ይነሣል፤ በበጋ አቧራው አይጣል ነው፤ ምግብ የሚበስለው በአብዛኛው በእንጨትና በከሰል ነው። መተማና ቋራ የዕጣን ዛፍ አገርም ናቸው፤ ቡና ሲፈላ ዕጣን ማጨስ በየቤቱ ያለ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአስም ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አስማቸው ከቁጥጥር ውጪ የሆነባቸው ታካሚዎች ብዙ መሆናቸውን፣ ይህም በእንጨትና በመሳሰለው ማገዶ ከማብሰልና ፓፍን በትክክል ካለመሳብ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በዋና ከተማው የስፔሻሊስት ክሊኒክ ያለው ሁኔታ እንዲህ ከሆነ፣ ወባና ካላዛር የጤና ባለሙያውን ጊዜ በሚሻሙበት ቆላ አስም ተራ የሚደርሰው መቼ ነው? ለከፍተኛ ሕክምና ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድረስ መጓዝ ግድ ይላል።

በዚህ ላይ የእኛው ባህል አለ። ባለሙያው «እንዴት ነህ?» ሲል ታካሚው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል፤ ሙስሊሙም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጀምራል። ከታላቅ ሰው ፊት ሕመምን መዘርዘር ማማረር ይመስላል። ትንሽ ጠበቅ ተደርጎ ሲጠየቅ «ለምጄዋለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። ምስጋናው መልካም ነው፤ ነገር ግን ካርዱ ላይ «ደህና ነው» ተብሎ ይጻፍና ያው ማስታገሻ ይደገማል። ታካሚዋ ሥራዋን ቀንሳ፣ ውኃ መቅዳቱን ለልጇ ሰጥታ፣ ሌሊት ትራስ ደራርባ እየተኛች ያገኘችው ደህንነት መሆኑን ማንም አልጠየቃትም።

የሥዕሉ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ሥዕል «እንዴት ነሽ?» አይልም። ጨረቃ ባለበት ሌሊት አልጋዋ ላይ ተነሥታ የተቀመጠች ሴት ያሳይና «ይህ ደርሶብሻል?» ይላል። ያንን መጠቆም ማማረር አይሆንም፤ ምስጋናዋንም አይነካባትም።

ቆላው ሥዕል ማንበብ ያውቃል

«ሰዉ አልተማረም፤ ሥዕልም ቢሆን አይገባውም» የሚል ካለ በቆላው ጤና ጣቢያ ግማሽ ቀን ይቀመጥ። የሕፃን ክንድ የሚለካበት ሪባን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ነው፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቁጥሩን የማታነብ እናት ቀዩን ስታይ ልጇ እንደተጎዳ ታውቃለች። ኢትዮጵያ በ2004 እ.ኤ.አ. ለወባ ሕክምና የተቀበለችው ኳርተምም አወሳሰዱ በማሸጊያው ላይ በሥዕል ተደግፎ ይመጣል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚያስተምሩት ሥዕል ባለበት የቤተሰብ ጤና መምሪያ ነው። ለምግብ እጥረት፣ ለወባና ለእርግዝና የሠራው መንገድ ለአስም የማይሠራበት ምክንያት የለም። የጎደለው የሚሥለውና የሚያሠራጨው ነው።

አራት ሥዕል፣ አንድ ወር

ለሸሕዲ የሚሆነው ሥዕል ከአንድ ወረቀት አይበልጥም። የጂናን አራት ጥያቄዎች በአራት ሣጥን ያስቀምጣል፦ በቀን ደረቱን ይዞ የቆመ ሰው፤ ሌሊት ተነሥታ የተቀመጠች ሴት፤ ፓፍ ወደ አፉ ያስጠጋ ሰው፤ ጀሪካኗን አስቀምጣ የምታርፍ ሴት ወይም ማጭዱን ይዞ ከአጫጆች ኋላ የቀረ ሠራተኛ። ከመጀመሪያውና ከሦስተኛው ሥዕል ሥር ሰባት ፀሐዮች ይኖራሉ፤ ሦስተኛዋ ፀሐይ ከተነካች ሣጥኑ ምልክት ይደረግበታል። ለሌሊቱና ለሥራው ግን አንድ ጊዜም ይበቃል።

«ባለፉት አራት ሳምንታት» የሚለውን ለማስታወስ ቀን መቁጠር አያስፈልግም። ካለፈው ወር ሚካኤል እስከ ዘንድሮ ወር ሚካኤል ድረስ አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ለሙስሊሙ ታካሚ አራት ጁምዓ በትክክል አራት ሳምንት ነው። ሰዉ ወሩን በሚያስታውስበት በዓልና በሚሰግድበት ቀን ቢጠየቅ መልሱ ይበልጥ ይታመናል።

ከአራቱ ሣጥኖች በታች የሚሆነው ነገር ይሣላል። አንድም ምልክት ከሌለ፦ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ቀጥል። አንድ ወይም ሁለት ከሆነ፦ ቀጠሮህ እስኪደርስ ሳትጠብቅ ባለሙያ አማክር። ሦስት ወይም አራት ከሆነ፦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ። ከእነዚህ ተለይቶ በወፍራም መስመር የታጠረ አምስተኛ ሣጥን ያስፈልጋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ የሚያቋርጥ፣ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ከንፈሩና ምላሱ የጠቆረ፣ ፓፉ ያላሻለው ሰው በሞተር፣ በባጃጅ፣ በተገኘው ሁሉ ወዲያው መወሰድ አለበት።

ወረቀቱን የሚሞላው ታካሚው ነው፤ ተራ ሲጠብቅ። ባለሙያው ሲቀበለው መጀመሪያ የሚያየው ምልክቶቹን ይሆናል። ምልክት በዛ ተብሎ ግን ወዲያው መድኃኒት አይጨመርም። ፓፉን እንዴት እንደሚስበው ያሳይ፤ መከላከያውን በየቀኑ ይወስድ እንደሆነ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ስሕተቱ እዚያ ይገኛል።

ሥዕል የሚስትባቸው ቦታዎች

ከውጭ የተቀዳ ሥዕል ችግር ያመጣል። በደቡብ አፍሪካ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ብዙ ባልተማሩ ሰዎች ዘንድ ከአሜሪካ ከመጡት የመድኃኒት ሥዕሎች ይልቅ ከአካባቢው ሰዎች ጋር የተዘጋጁት በተሻለ እንደሚገቡ አረጋግጧል። የእኛም ወረቀት ድመት፣ ምንጣፍና የጸደይ አበባ ይዞ ቢመጣ የሸሕዲ ሰው ከበሽታው ጋር አያገናኘውም። የሚሣለው የዕጣን ማጨሻው፣ ምድጃው፣ የሚቆላው በርበሬና የሰሊጡ ማራገፊያ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት የተሰነጠቀ ሳንባ መሣል ነው። ጠባብና ሰፊ ቧንቧ የሚያሳየው የባለሙያዎች ተወዳጅ ሥዕል፣ የሰውነት ቁርጥ ምስል አይቶ ለማያውቅ ሰው ሥር ወይም ቅርንጫፍ ሊመስለው ይችላል። ሰውየው የሚያውቀው ሕይወቱን ነው፤ እንቅልፉን፣ ሥራውን፣ ጉዞውን።

ሦስተኛው በድንበር አካባቢ ብቻ የሚታሰብ ነው። አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል። በአንድ መስመር «የጠበበ ትንፋሽ፣ ፓፍ፣ የተከፈተ ትንፋሽ» ተብሎ ቢሣል ከቀኝ የጀመረው ሱዳናዊ ፓፉ ትንፋሹን እንደሚዘጋ ሊረዳ ይችላል። ቅደም ተከተል ያለው ሥዕል ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይደርደር።

አራተኛው ቀለም ነው። ወረቀቱ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በጥቁርና ነጭ ኮፒ ይባዛል፤ ያኔ ቀዩና አረንጓዴው አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። ስለዚህ ከቀለሙ ሌላ ቅርጹም ይለይ፤ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን። ፓፎቹንም በቀለማቸው መለየት አያስተማምንም፤ ፋብሪካው ሲለወጥ የብልቃጡ ቀለም ይለወጣል። ፋርማሲስቱ በመከላከያው ላይ ፀሐይና ጨረቃ ያለበት ተለጣፊ ቢያደርግ ጧትና ማታ የሚወሰደው የትኛው እንደሆነ አያሳስትም።

ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት በሰው መፈተን አለበት። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አንድ ምልክት ለመጽደቅ ከተጠየቁት ቢያንስ 67 በመቶ በትክክል እንዲረዱት ይጠይቃል፤ የአሜሪካው ደረጃ 85 በመቶ ይላል። ለሕይወት አደጋ ምልክቱ ከፍተኛውን መለኪያ እንውሰድ።

ሥዕል የማይተካው

ሥዕል መድኃኒት አይሆንም። አራቱን ሣጥን ሞልታ የመጣች ታካሚ «የስቴሮይድ ፓፍ አልቋል» ተብላ በሳልቡታሞል ሽሮፕ ወይም ክኒን ከተመለሰች፣ ያሳየናት ችግሯን እንጂ መፍትሔውን አይደለም፤ ሁለተኛም ወረቀቱን አትሞላም። ሥዕሉና መከላከያው ፓፍ አብረው መሄድ አለባቸው። የጤና መድን አባላት መድኃኒቱን ከተቋሙ ውስጥ እንዲያገኙት፣ ካልሆነም ከውጭ ገዝተው ገንዘቡ እንዲመለስላቸው ይሁን።

አንዳንዱ መፍትሔ ግን ከደጃችን ነው። በኬፕ ታውን ተሠርቶ በ1999 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ የተሠራ ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ዕቃ) አስም ለተነሣባቸው ልጆች ከፋብሪካው ስፔሰር የማያንስ መሆኑን አሳይቷል። ሃይላንዱን የጤና ባለሙያ በፓፉ አፍ ልክ በስቶ፣ ዙሪያውን አሽጎ ሲያዘጋጅ የሚያሳይ ሥዕል በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ቀርቶ እንዳይባክን ያደርጋል።

የምዕራብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲና በአካባቢው ያሉ ረድኤት ድርጅቶች አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ነርስ፣ አንድ ፋርማሲስትና ጥቂት ታካሚዎችን አንድ ላይ ቢያስቀምጡ ወረቀቱ ይሠራል። በአማርኛና በዓረብኛ አጭር ቃል ይታከልበት፤ በጉሙዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድም ይፈተን። ለሠራተኛው በአጨዳው ወቅት እርሻ ድረስ ይላክለት። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል አገራችን፤ አንድ ሌሊት በድንገተኛ ክፍል ከማደር አንድ ወረቀት ይረክሳል።

ለአንባቢም አንድ ቃል አለኝ። በቤትዎ አስም ያለበት ሰው ካለ «እንዴት ነህ?» ብለው አይለፉት። ካለፈው ሚካኤል ወይም ካለፉት አራት ጁምዓዎች ወዲህ ሌሊት ነቅቶ እንደሆነ፣ ሥራ አቋርጦ እንደሆነ፣ ቀን ላይ ትንፋሽ ያጠረው ወይም ማስታገሻ የወሰደው በሳምንት ከሁለት ጊዜ በልጦ እንደሆነ ይጠይቁት። አንዱን እንኳ «አዎ» ካለ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቅ፤ ፓፎቹን በሙሉ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።